የትዕዛዝ ዝርዝር በስልክ አፕ ላይ፦ ከአንዱ ረድፍ እስከ ሁለት ሺህኛው

ለምሳሌ የምንይዘው በመሀል አዲስ አበባ ለሚሠራ የዴሊቨሪ ድርጅት የሚሆን አፕ ነው። ሞተረኛው ስልኩን ከፍቶ የዕለቱን ትዕዛዞች ያያል፦ የደንበኛ ስም፣ አድራሻ፣ የሚቀበለው ገንዘብ፣ የታዘዘበት ሰዓት፣ ትዕዛዙ የደረሰበት ደረጃ። ሥራው ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ነው። በፍላተር (ለአንድሮይድም ለአይፎንም አፕ መሥሪያ) እንሠራዋለን። በኮትሊን ወይም በስዊፍት ለሚሠራ ሰው የዊጀቶቹ (ስክሪኑ የሚገነባባቸው ክፍሎች) ስም ይለወጣል እንጂ ችግሮቹ ያው ናቸው።

«ደንበኛ 1»፣ «ደንበኛ 2» እያሉ አስር የሙከራ ረድፍ ማሳየት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ጣጣው የሚጀምረው እውነተኛው ዳታ ሲገባ ነው፦ አድራሻው ሦስት መስመር ሲሞላ፣ «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችው ደንበኛ «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ። ስለዚህ መጀመሪያ ረድፉን፣ ቀጥሎ ዊጀቱን፣ ከዚያ ዳታው የሚመጣበትን መንገድ ሥሩ። አብዛኛው ሰው ከዊጀቱ ይጀምርና ረድፉን መጨረሻ ላይ ሲጠጋግን ይገኛል።

መጀመሪያ ረድፉ

ሞተረኛው ረድፉን አይቶ መወሰን ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ ወዴት ልሂድ፣ ስንት ልቀበል። እነዚህ ሁለቱ ጎልተው ይውጡ። ስምና ሰዓት ከሥር በአነስተኛ ፊደል ይቀመጡ። የትዕዛዝ ቁጥር፣ የዕቃ ዝርዝርና ማስታወሻ ረድፉ ሲነካ በሚከፈተው ገጽ ላይ ይሁኑ። ስልክ ቁጥሩም መታየት የለበትም፤ የመደወያ በተን ብቻ ይበቃል። በተኑን ግን ቢያንስ 48 በ48 ሎጂካል ፒክስል (የስክሪኑ ጥራት ቢለያይም የማይለወጥ መለኪያ) አድርጉት፤ ከዚያ ካነሰ ሊደውል የፈለገ ሰው ረድፉን ራሱን ይነካና ሌላ ገጽ ይከፍታል።

ከባዱ አድራሻው ነው። አዲስ አበባ ላይ አድራሻ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ሳይሆን ገለጻ ነው። አንዱን እንይ፦

«ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ቸርችል ጎዳና ሲወርዱ በስተቀኝ ካለው ፎቅ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር»

ስፋቱ 360 ሎጂካል ፒክስል በሆነ ስልክ ላይ፣ የገንዘቡን ቦታ ቀንሳችሁ፣ በአንድ መስመር የሚገባው 20 ፊደል ገደማ ነው። በአንድ መስመር ገድባችሁ ትርፉን በሦስት ነጥብ ብትቆርጡት የሚቀረው «ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስ…» ይሆናል። በዚያ አካባቢ ያሉ ደንበኞች ግማሹ እንዲሁ ነው የሚጀምሩት። በአማርኛ ገለጻ ቁም ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ሦስቱ ነጥቦች የሚውጡት ያንኑ ነው። አምስት ትዕዛዝ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል ማለት ነው።

መፍትሔው አድራሻውን ከምዝገባው ጀምሮ በሦስት መስክ መያዝ ነው፦ ሰፈር (ከዝርዝር የሚመረጥ)፣ መለያ (የበሩ ቀለም፣ ፎቅ፣ የሱቅ ቁጥር) እና ምልክት (ነፃ ጽሑፍ)። በረድፉ ላይ የመጀመሪያው መስመር በደማቁ «ፒያሳ፣ አረንጓዴ በር» ይላል። ምልክቱ ከሥሩ እስከ ሁለት መስመር ይፈቀድለታል፤ ማክስ ላይንስ 2፣ ኦቨርፍሎው ኤሊፕሲስ። በአንድ መስክ የተሞላ የቆየ ዳታ ካላችሁ ከመጨረሻው ነጠላ ሰረዝ በኋላ ያለውን ቁራጭ እንደ መለያ ውሰዱ። ሰዎች «፣»ንም፣ «፥»ንም፣ የእንግሊዝኛውን ኮማም ስለሚጽፉ ሦስቱንም ፈልጉ። ሁሌ ልክ አይመጣም፣ ግን ከተቆረጠው ይሻላል።

የሰፈሮቹን ዝርዝር ኮድ ውስጥ አትጻፉት፤ ከሰርቨር ይምጣ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ላይ ብዙ ቤት ከፈረሰ በኋላ ለምልክት የሚጠሩ ሱቆችና ካፌዎች አብረው ሄደዋል፤ ሰው አሁንም «የድሮው እንትን የነበረበት» እያለ ነው የሚያስመዘግበው። ምልክት በሚለዋወጥ ከተማ ዝርዝሩን ለማስተካከል አዲስ የአፕ ቨርዥን መልቀቅ አያስፈልግም።

ገንዘቡ በስተቀኝ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ከሺህ በላይ ሲሆን በኮማ ይለያይ፦ 1,250 ብር። ረድፉን በሮው (ጎን ለጎን በሚደረድረው ዊጀት) ስትሠሩ የአድራሻውን ክፍል በኤክስፓንድድ (የቀረውን ቦታ ብቻ በሚሰጠው ዊጀት) ክበቡት፣ የገንዘቡን አትክበቡት። ይህ ከተረሳ ረጅም አድራሻ ገንዘቡን ከስክሪን ያስወጣውና ቢጫና ጥቁር ሰንተረር ያለበት የኦቨርፍሎው ምልክት ይመጣል። ምልክቱ የሚታየው በዲበግ ሞድ (አፑ ገና ሲሠራ በሚሞከርበት ሁኔታ) ብቻ ነው፤ ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ ገንዘቡ ዝም ብሎ ተቆርጦ ይቀራል።

የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ይረዝማል፤ መስመሮቹ እንዳይነካኩ የጽሑፉን ሃይት 1.4 ገደማ አድርጉት። ፎንት ደግሞ ከአፑ ጋር አብራችሁ ጫኑ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል። ለስልኩ ከተዋችሁት በአንዱ ስልክ ሁለት መስመር የሚሞላው ጽሑፍ በሌላው ሦስት ይሆናል።

ዊጀቱ

ፍላተር ላይ ረድፎችን ለመደርደር ሦስት መንገድ አለ፤ በአስር ረድፍ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ።

ኮለም በሲንግል ቻይልድ ስክሮል ቪው ውስጥ፦ ሁሉንም ረድፍ፣ የማይታየውንም ጭምር፣ በአንድ ጊዜ ይሠራል፣ ይለካል። 2,000 ትዕዛዝ ካለ 2,000 ረድፍ። ገጹ ሲከፈት ስልኩ ደርቆ ይቆማል። ለቅንብር ገጽ እንጂ ለዳታ አይሆንም።

ሊስትቪው በቺልድረን፦ የሚለካው የሚታየውን ብቻ ነው፣ የዊጀት ኦብጀክቶቹን ግን ሁሉንም አስቀድሞ ይፈጥራል። እስከ ሠላሳና አርባ ረድፍ ምንም አይልም።

ሊስትቪው ቢልደር፦ ረድፍ የሚሠራው ሊታይ ሲቃረብ ነው። ሁለት ነገር ትሰጡታላችሁ፤ የረድፉን ብዛት በአይተም ካውንት፣ ቁጥር ተቀብሎ ረድፍ የሚመልሰውን ፈንክሽን በአይተም ቢልደር። ከሚታየው ክፍል በላይና በታች በነባሪው 250 ሎጂካል ፒክስል ያህል አስቀድሞ ያዘጋጃል። ረድፋችሁ 80፣ የሚታየው ቦታ 640 ከሆነ፣ 8 የሚታዩ፣ ከላይና ከታች ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት፣ በጠቅላላ 15 ገደማ ረድፍ ብቻ ነው በአንድ ጊዜ ያለው። ዳታው 200 ሆነ 20,000 ልዩነት የለውም። በረድፎች መካከል መስመር ከፈለጋችሁ ሊስትቪው ሴፓሬትድ ያንኑ ይሠራል።

አይተም ካውንትን መርሳት የተለመደ ነው። ካልተሰጠ ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም ብሎ ይገምትና ካለው ዳታ በላይ ያለውን ቁጥር ሲጠይቅ የሬንጅ ኤረር ይመጣል።

አብዛኛው ጀማሪ የሚጋጨው ቀጣዩ ኤረር «ቨርቲካል ቪውፖርት ዋዝ ጊቨን አንባውንድድ ሃይት» የሚለው ነው። የሚመጣው ሊስትቪውን ኮለም ውስጥ ስታስገቡት ነው፤ ኮለም ለልጆቹ «የፈለጋችሁትን ያህል ርዘሙ» ይላል፣ ሊስትቪው ደግሞ የተሰጠውን ቁመት ሁሉ መያዝ ይፈልጋል፣ ገደብ የሚያበጅ የለም። መፍትሔው ሊስትቪውን በኤክስፓንድድ መክበብ ነው። ኢንተርኔት ላይ ብዙ ቦታ የምታገኙት ምክር ግን «ሽሪንክ ራፕን ትሩ አድርግ» ነው። ኤረሩ በርግጥ ይጠፋል። ሽሪንክ ራፕ ግን ቁመቱን ለማወቅ ሁሉንም ረድፍ ስለሚለካ የቢልደሩ ጥቅም አብሮ ይጠፋል፤ የዛሬ ኤረር ተወግዶ የዛሬ ወር መንቀርፈፍ ይመጣል። ከላይ ያለው የዕለቱ ድምር ወይም ማስታወቂያ ከዝርዝሩ ጋር አብሮ ስክሮል እንዲያደርግ ከፈለጋችሁ ከስተም ስክሮል ቪው ተጠቀሙ፤ ድምሩን በስሊቨር ቱ ቦክስ አዳፕተር፣ ትዕዛዞቹን በስሊቨር ሊስት።

ረድፎቹ ሁሉ እኩል ቁመት ካላቸው ለሊስትቪው ንገሩት፤ ወደ ሩቅ ረድፍ መዝለል ይቀለዋል። በአይተም ኤክስቴንት 80 ብሎ ቁጥር መስጠት ይቻላል፣ ነገር ግን አንድሮይድ 14 ላይ ተጠቃሚው የፊደሉን መጠን እስከ 200 ፐርሰንት ማሳደግ ይችላል፤ ያን ጊዜ 80 አይበቃም፣ ጽሑፉ ወገቡ ላይ ይቆረጣል። ፕሮቶታይፕ አይተም ይሻላል፦ አንድ ናሙና ረድፍ ትሰጡታላችሁ፣ ቁመቱን ከእሱ ይለካል፣ ፊደሉ ሲያድግም አብሮ ያድጋል። የአድራሻው ምልክት አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት መስመር የሚሆንባችሁ ከሆነ ሁለቱንም ተዉት።

ለእያንዳንዱ ረድፍ ቫልዩ ኪይ (ረድፉን ከሌላው የሚለይ መታወቂያ) ስጡት፣ እሴቱም የትዕዛዙ መለያ ቁጥር ይሁን። በዝርዝሩ ውስጥ ያለበትን ተራ ቁጥር እንደ ኪይ መስጠት ካለመስጠት አይሻልም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ረድፉ ውስጥ «ዕቃው ተጭኗል» የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ እንበል፣ ሁኔታውንም የሚይዘው ረድፉ ራሱ ነው። ሦስተኛው ትዕዛዝ ደርሶ ከዝርዝሩ ሲወጣ አራተኛው ወደ ሦስተኛ ቦታ ይመጣል፣ የሦስተኛውንም ምልክት ይወርሳል። ሞተረኛው ያልተጫነውን ዕቃ ተጭኗል ብሎ ይሄዳል።

አይተም ቢልደር ውስጥ ሥራ አትሥሩ። በሴኮንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ ለአንድ ፍሬም ያላችሁ 16.7 ሚሊሰኮንድ ነው፣ በ120 ደግሞ 8.3። ቀን መቀየር፣ ገንዘብ ማስተካከል፣ ዝርዝሩን መደርደር፣ ይባስ ብሎም ዳታቤዝ መጠየቅ እዚያ ውስጥ ከገባ ስክሮል በተደረገ ቁጥር ይደገማል። ዳታው ሲደርስ አንዴ ብቻ ለዕይታ የተዘጋጀ ኦብጀክት ሥሩ፤ «1,250 ብር» እና «ከቀኑ 7፡40» የተባሉት ቃላት ራሳቸው ተዘጋጅተው ይቀመጡ።

ሌላ ቦታ የምትሠሩ ከሆነ፦ ኮምፖዝ ላይ ሌዚ ኮለም ከኪይ ጋር፣ የቀድሞው አንድሮይድ ላይ ሪሳይክለር ቪው ከዲፍ ዩቲል ጋር፣ ስዊፍት ዩአይ ላይ ሊስት።

ምስል ካለ

የዕቃ ፎቶ በረድፉ ላይ ማስቀመጥ ግድ ካልሆነ ተዉት። ግድ ከሆነ ግን ሒሳቡን እወቁት፦ በስልክ ካሜራ የተነሳ 4,000 በ3,000 ፒክስል ፎቶ ፋይሉ 3 ሜጋባይት ቢሆንም፣ ሲከፈት ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚወስድ 48 ሚሊዮን ባይት ራም ይይዛል። ሦስት ረድፍ ላይ ሲደርስ ከ140 ሜጋባይት አለፈ። ሞተረኛው የያዘው 2 ጊጋባይት ራም ያለው ቴክኖ ወይም አይቴል ከሆነ ሲስተሙ አፑን ይዘጋዋል።

በረድፉ ላይ ፎቶው 56 ሎጂካል ፒክስል ከሆነና ስክሪኑ በ3 የሚባዛ ከሆነ የሚያስፈልገው 168 በ168 ነው፤ 113 ኪሎባይት ገደማ። ሰርቨሩ ትንሹን ቅጂ አዘጋጅቶ ይላክ። ካልቻለ ቢያንስ ካሽ ዊድዝ (ምስሉ ራም ላይ የሚከፈትበት ስፋት) 168 በሉት፤ ራሙ ይድናል፣ የኢንተርኔት ፓኬጁ ግን አይድንም፣ ፋይሉ በሙሉ ወርዷልና። ፎቶው እስኪመጣ ድረስ በዚያው መጠን ግራጫ ሳጥን ይታይ፤ አለበለዚያ ፎቶ በደረሰ ቁጥር ረድፉ እየዘለለ ሰው ያልፈለገውን ይነካል።

ገጽ በገጽ ማምጣት

ሁሉንም ትዕዛዝ በአንድ ጊዜ አታምጡ። በአንድ ገጽ 20 ይበቃል፤ አንድ ስክሪን ከሚይዘው ሁለት እጥፍ በላይ ነው። ተጠቃሚው ከመጨረሻው 5 ረድፍ ሲቀረው ቀጣዩን ገጽ ጠይቁ፤ መጨረሻው ላይ እስኪደርስ ከጠበቃችሁ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

አጠያየቁ ላይ ተጠንቀቁ። የተለመደው «20 ዝለልና 20 ስጠኝ» የሚለው ኦፍሴት ነው። ዝርዝሩ ከአዲስ ወደ ቆየ የተደረደረ ይሁን። የመጀመሪያው ገጽ ከመጣ በኋላ 3 አዲስ ትዕዛዝ ቢገባ ሁሉም በ3 ወደ ታች ይገፋል፤ ሁለተኛው ገጽ ሲመጣ ቀድሞ የታዩት 18ኛ፣ 19ኛና 20ኛ ይደገማሉ። ይህ ያስቃል እንጂ አይጎዳም። የሚጎዳው ተቃራኒው ነው፦ 3 ትዕዛዝ ደርሶ ከዝርዝሩ ከወጣ ቀሪው በ3 ወደ ላይ ይሳባል፣ «20 ዝለል» ሲባልም ማንም ያላያቸው 3 ትዕዛዞች ይዘለላሉ። ደንበኛው ሲጠብቅ ይውላል፣ አፑ ላይ ግን ምንም ስህተት አይታይም።

በከርሰር ጠይቁ፦ «ከዚህ ሰዓትና ከዚህ መለያ ቁጥር በፊት የነበሩትን 20 ስጠኝ»። ሰዓት ብቻውን አይበቃም፤ በአንድ ሰኮንድ ሁለት ትዕዛዝ ከገባና የገጹ ድንበር በመካከላቸው ከወደቀ አንዱ ይጠፋል። ዳታቤዙ ላይ በሁለቱ መስኮች አንድ ጥምር ኢንዴክስ ሥሩ።

አፑ ላይ ሁለት ተለዋዋጭ ይኑሩ፦ «እየጫነ ነው» እና «ቀሪ አለ»። ስክሮሉን የሚከታተለው ስክሮል ኮንትሮለር በአንድ ጣት እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ ስለሚጠራ የመጀመሪያው ከሌለ ያው ገጽ ሦስት አራት ጊዜ ይጠየቃል። ሁለተኛው ከሌለ መጨረሻው ላይ የመጫኛው ክብ ሳያቋርጥ ይሽከረከራል። ጥያቄው ሲከሽፍ በራሱ ደጋግሞ እንዲሞክር አታድርጉ፤ ኔትወርክ በሌለበት ባትሪና ፓኬጅ ይበላል። በመጨረሻው ረድፍ ቦታ «ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ እንደገና ሞክር» የሚል የሚነካ ረድፍ ይምጣ። ከላይ ያሉት 40 ረድፎች ባሉበት ይቆዩ። በሦስተኛው ገጽ ስህተት ምክንያት ሙሉውን ስክሪን በስህተት መልእክት የሚሸፍን አፕ ብዙ ነው።

ስለ መጠን ካነሳን፦ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው። የፓይተን የጄሰን ላይብረሪና የፒኤችፒ ጄሰን ኢንኮድ ግን በነባሪው ፊደሉን ወደ ኮድ ቀይረው ነው የሚልኩት፤ ያን ጊዜ 6 ባይት ይሆናል። 60 ፊደል ያለው አድራሻ ከ180 ወደ 360 ባይት ያድጋል ማለት ነው። ፓይተን ላይ ኢንሹር አስኪን ፎልስ ማድረግ፣ ፒኤችፒ ላይ አንኢስኬፕድ ዩኒኮድ የሚለውን ምርጫ መስጠት ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ጂዚፕም (የሚላከውን ዳታ የሚጨምቀው) ይብራ።

የመጣውን ሁሉ ስልኩ ላይ በኤስኪውላይት (ስልኩ ውስጥ በሚቀመጥ ትንሽ ዳታቤዝ) አስቀምጡ፤ አፑ ሲከፈት መጀመሪያ ከዚያ ያሳይ፣ ከዚያ ከሰርቨር ያድስ። ሞተረኛው ምድር ቤት ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ሆኖ ሲከፍተው ባዶ ስክሪን ማየት የለበትም። ከላይ በትንሹ «የ4፡20 መረጃ ነው» ይበል። ባዶ ዝርዝር ደግሞ ሦስት የተለያየ ትርጉም አለው፤ ገና አልመጣም፣ ትዕዛዝ የለም፣ ፍለጋው ምንም አላገኘም። ለሦስቱም «መረጃ የለም» ብሎ መጻፍ ሰውን ያሳስታል፤ ለየብቻ ጻፉላቸው።

ጎትቶ ለማደስ ሪፍሬሽ ኢንዲኬተር አለ። ረድፎቹ ስክሪኑን ካልሞሉ አይሠራም፤ ሦስት ትዕዛዝ ብቻ ባለበት ጠዋት ሰው ይጎትታል፣ ምንም አይመጣም። የሊስትቪውን ፊዚክስ ኦልዌይስ ስክሮለብል ስታደርጉት ይሠራል።

ስም፣ ፍለጋ፣ ቅደም ተከተል

ከውጭ የመጣ ምሳሌ ኮድ የማይነግራችሁ ይሄኛውን ነው።

በዩኒኮድ የግዕዝ ፊደላት የተቀመጡት በሀ ሁ ቅደም ተከተል ስለሆነ ተራው የቃላት ማወዳደሪያ በአብዛኛው ልክ ይደረድራል። የሚያበላሸው ሞክሼ ፊደላት (ድምፃቸው አንድ፣ ቅርጻቸው የተለያየ) ናቸው። «ሰላማዊት» እና «ሠላማዊት» ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሁለት ስም ያዙ፦ የሚታየው ራሱ እንዳስመዘገበው ሳይነካ፣ የሚፈለገው ደግሞ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ ተሰብስበው። ፍለጋውም ድርደራውም በሁለተኛው ይሁን።

መሰብሰቡ ቀላል ሒሳብ ነው፣ ሰባቱ የፊደል ቅርጾች በየቤታቸው በተመሳሳይ ተራ ስለተቀመጡ። ከሐ እስከ ሖ ያሉትን ከኮድ ቁጥራቸው 16 ቀንሱ፣ ሀ ሁ ይሆናሉ። ከኀ እስከ ኆ 128 ቀንሱ። ከሠ እስከ ሦ 16 ደምሩ። ከዐ እስከ ዖ 48 ቀንሱ። ከፀ እስከ ፆ 8 ቀንሱ። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ፤ ይህ ከተረሳ «ዓለም» ወደ «ኣለም» ተቀይሮ ይቀርና ከ«አለም» ጋር አይገናኝም። ከሰባቱ ውጭ ያሉትን እንደ ሏና ሟ ያሉትን አትንኩ።

ቀጥሎ አጻጻፍ፦ «ገብረ ማርያም»፣ «ገብረማርያም» እና «ገ/ማርያም» አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። በሚፈለገው ስም ላይ «ገ/»ን ወደ ገብረ፣ «ኃ/»ን ወደ ኀይለ፣ «ወ/»ን ወደ ወልደ ዘርዝሩና ባዶ ቦታውን ሁሉ አጥፉ። ይህን ከሞክሼው ሥራ በፊት አድርጉት። ከሁሉም በፊት ግን ማዕረግ ይውጣ፦ አቶ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ ዶ/ር። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ «ወ/ሮ» ወደ «ወልደሮ» ይቀየርና የሴት ደንበኞቻችሁ ስም በሙሉ ይበላሻል። «ወ/» ወለተም ሊሆን ስለሚችል የሴት ስም ላይ አንዳንዴ ይስታል፤ ለዚህ መጨነቅ አያስፈልግም።

በአባት ስም አትደርድሩ። ከውጭ የመጡ ላይብረሪዎች የመጨረሻውን ቃል እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል፤ እዚህ ሰው የሚጠራውም የሚፈለገውም በራሱ ስም ነው። በጎን በኩል የሚወርድ የፊደል መዝለያ ማስቀመጥም አይመከርም፤ ሞክሼዎቹ ወጥተው እንኳ ፊደላቱ ወደ 28 ስለሚጠጉ በጣት ለመንካት የሚበቃ ቦታ አይደርሳቸውም።

ለማንኛውም፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው በብዛት የሚፈልገው በስልክ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ከመጨረሻው 9 አሃዝ ብቻ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ በ09 የተጻፈውም፣ በ+251 የተጻፈውም ይገናኛል። የመጨረሻ 4 አሃዝ ሲጻፍም ያምጣ። ፍለጋው በእያንዳንዱ ፊደል ሳይሆን ጣቱ ለ300 ሚሊሰኮንድ ሲያርፍ ይሂድ። በአማርኛ ኪቦርድ አንድ ፊደል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሁለቴ መንካት ስለሚጠይቅ መካከለኛው ቅርጽ ጥያቄ ሆኖ መሄድ የለበትም።

ሰዓትና ቀን

ሰርቨሩ ሰዓትን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይላክ፣ አፑ በእኛ አቆጣጠር ያሳይ። አዲስ አበባ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከዚያ 6 ይቀንሳል። ስለዚህ ከዩቲሲ ሰዓት ላይ 3 ብቻ ቀንሱ። ከ0 ካነሰ 24 ደምሩበት። ውጤቱ ከ0 እስከ 23 ይሆናል፤ ከ0 እስከ 5 «ከጠዋቱ»፣ ከ6 እስከ 11 «ከቀኑ»፣ ከ12 እስከ 17 «ከምሽቱ»፣ ከ18 እስከ 23 «ከሌሊቱ» ነው። ቁጥሩን ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ውሰዱ፣ ቀሪው 0 ከሆነ 12 በሉት። ዩቲሲ 10፡40 ሲሆን 7፡40 ይመጣል፣ «ከቀኑ 7፡40»። ከዩቲሲ ቀጥታ ስለተሰላ የስልኩ ታይም ዞን ተሳስቶ ቢሞላም አይነካውም።

ረድፎቹን «ዛሬ»፣ «ትናንት»፣ ከዚያ በቀን ርዕስ ከፋፍሉ። ቀኑ የት ይቁረጥ የሚለውን ከድርጅቱ ጋር ተነጋገሩ፤ በኮምፒውተሩ ልማድ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከቆረጣችሁት ከሌሊቱ 7 ሰዓት የገባ ትዕዛዝ «ዛሬ» ይባላል፣ ሞተረኛው ግን ከትናንት ሥራው ነው የሚቆጥረው። 12 ሰዓት ጠዋት ላይ መቁረጥ ለአብዛኛው ሥራ ይስማማል።

የቀን ለውጡን በራሳችሁ መቀነስ አትሥሩት፤ የተፈተነ ላይብረሪ ተጠቀሙ። ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው፤ መስከረም 1 ደግሞ አንዳንዴ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ይውላል። የወር ስሞቹ ዝርዝር 13 መሆኑን ቁጠሩ። 12 ብቻ ከያዘ አፑ ዓመቱን ሙሉ ይሠራና ጳጉሜን 1 ቀን ትዕዛዝ ሲገባ ይዘጋል። ጳጉሜን 6 የምትሆንበትንም ፈትኑ፤ 2015 ዓ.ም. ነበረች፣ ቀጣዩዋ 2019 ናት።

ከመልቀቃችሁ በፊት

2,000 ረድፍ ያለው የሙከራ ዳታ ሥሩ፣ ሁሉም ያማረ አይሁን፦ ስም የሌለው፣ 120 ፊደል አድራሻ ያለው፣ 0 ብር፣ 145,000 ብር፣ ምልክቱ በላቲን ፊደል የተጻፈ። ከዚያ ርካሽ ስልክ ላይ በፕሮፋይል ሞድ (ፍጥነት በሚለካበት ሁኔታ) ጫኑት። በዲበግ ሞድ ፍጥነትን መለካት ዋጋ የለውም፤ ጤነኛው አፕ እንኳ ይንቀረፈፋል፣ ኢሙሌተሩም በላፕቶፑ ጉልበት ነው የሚሮጠው። ከላይ እስከ ታች በፍጥነት ስክሮል አድርጉና የፐርፎርማንስ ኦቨርሌዩን ተመልከቱ፤ ቀይ መስመሮች በተደጋጋሚ ከታዩ መጀመሪያ ምስሉን፣ ቀጥሎ አይተም ቢልደሩን ፈትሹ።

ሦስተኛው ገጽ እየመጣ ሳለ ኤርፕሌን ሞድ አብሩ። አንድ ትዕዛዝ ከፍታችሁ ወደ ኋላ ስትመለሱ የነበራችሁበት ረድፍ ላይ መሆናችሁን እዩ፤ በታብ የሚቀያየር ገጽ ከሆነና ወደ ላይ የሚመልሳችሁ ከሆነ ለሊስትቪው ፔጅ ስቶሬጅ ኪይ ስጡት። የፊደሉን መጠን 200 ፐርሰንት አድርጉ። በመጨረሻም ስልኩን ይዛችሁ ቀን 6 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ውጡና ከሥር በግራጫ የጻፋችሁትን ስምና ሰዓት ለማንበብ ሞክሩ። ቢያንስ 4.5 ለ1 ንፅፅር ከሌለው ፀሐይ ላይ አይነበብም፤ ሞተረኛው ደግሞ አብዛኛውን ቀን የሚያነበው ፀሐይ ላይ ነው።